የሦስት ቀን እንግዳ፣ የዓመታት ቤተሰብ



«እንግዳ መጣ» ሲባል በየቤታችን መጀመሪያ የሚታሰበው አስተናጋጁ ምን ማቅረብ እንዳለበት ነው። ቡናው ተቆልቷል? እንጀራው ይበቃል? ፍራሹስ የት ይነጠፋል? በመድረሳም ሆነ በጁሙዓ ኹጥባ ስለ እንግዳ አቀባበል ብዙ ሰምተናል፤ ደግ ነገር ነው። እንግዳው ራሱ በሰው ቤት ሲያድር ምን አማና እንዳለበት ግን አንስተን የምንነጋገረው አልፎ አልፎ ነው። እኛም ብንሆን ይህን ጥያቄ ያነሳነው ሳንወድ ነው። ያስነሱብን በሰው ቤት ያደርናቸው ሁለት ሌሊቶችና በራሳችን ቤት ያለፉ ሁለት ዓመታት ናቸው። ከሁለቱ ሌሊቶች እንጀምር።

ከዓይናለም ወደ ነጃሺ

የምንኖረው በመቐለ ከተማ ዳርቻ፣ ዓይናለም ውስጥ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ1446 ዓመተ ሂጅራ ዓሹራ ሲደርስ ባልና ሚስት ሁለት ልጆቻችንን ይዘን ወደ ነጋሽ ተጓዝን። ነጋሽ ከመቐለ በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ አጉላዕንና ውቅሮን አልፎ ወደ ዓዲግራት በሚሄደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ክብሯ ግን በስፋቷ አይለካም። በአካባቢው ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትውፊት መሠረት የንጉሥ አስሐማ አን-ነጃሺና የአሥራ አምስት ሶሓቦች መቃብር የሚገኘው በዚያው ነው። ለዓሹራም ከቅርብም ከሩቅም ለዚያራ የሚመጣው ሕዝበ ሙስሊም ብዙ ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ የመስጊዱ ሚናራና ጉልላት በከባድ መሣሪያ ተመትተው መጎዳታቸውም የሚታወስ ነው።

ሐሳባችን ጠዋት ሄደን ማታ ለመመለስ ነበር። በሙሐረም ዘጠነኛው ቀን ጾመን ሄድን። ከዐሥር በኋላ ግን ሰማዩ ጠቆረና የክረምቱ ዝናብ ወረደ፤ ወደ መቐለ የሚመለስ መኪናም ጠፋ። በመስጊዱ አጥር ሥር ተጠልለን ሳለ አንድ አዛውንት ቀረቡን። ከየት እንደመጣንና የማን ልጆች እንደሆንን አልጠየቁንም። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ማደሪያ አላችሁ?»

ዝም ስንል የታናሿን ልጃችንን እጅ ይዘው ቀደሙን። እኛም ተከተልናቸው።

ያች የኢፍጣር ገበታ

ቤታቸው ግድግዳው በድንጋይ የተገነባ፣ ጣራው አፈር የለበሰ ህድሞ ነው። የቤቱ እመቤት በራፍ ላይ ቆመው «እንቋዕ ደሓን መጻእኹም» እያሉ ተቀበሉን። ልጆቻችን እንደ አገሩ ደንብ እርሳቸውን «አደይ»፣ ባለቤታቸውን «አቦይ» ሲሏቸው የሁለቱም ፊት በራ። ቤት ውስጥ የልጃቸው ልጆች የሆኑ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ነበሩ።

መግሪብ ሲደርስ ውኃና በለስ ቀረበልን፤ ወቅቱ የበለስ ነው። ከሰላት በኋላ ደግሞ ጥሕሎ መጣ። ጥሕሎን ላልቀመሱት አንባብያን፣ ከተቆላ ገብስ ዱቄት ተቦክቶ በትናንሹ የሚድቦለቦል፣ በባለ ሁለት ጣት እንጨት እየተወጋ በቀይ ወጥ የሚጠቀስ የአጋመና የአካባቢው የክብር ምግብ ነው። አቦይ ከእኛ ጋር ገበታው ላይ ተቀመጡ። አደይና ልጆቹ ወጥ ቤት ቀሩ። ርቦን ነበርና በላን፤ ልጆቻችንም «ይጨመርልን» አሉ። አደይ ፈገግ ብለው ወጡና ጨምረው መጡ። እኛም አላስተዋልንም። አቦይ እጃቸውን ወደ ገበታው ይሰዱ ነበር፤ አሁን መለስ ብለን ስናስበው ግን አፋቸው የደረሰው ጥቂት ነበር።

ለመኝታ ደጋጎቹ ሰዎች ከግድግዳው ጋር የተሠራውን ሰፊውን መደብ ለቀቁልን። ብርድ ልብሱን ሁሉ እኛ ላይ ከመሩት። እነርሱ ወጥ ቤት አደሩ።

በማግስቱ ከፈጅር በኋላ ታላቋ ልጃችን ከቤቱ ልጅ ጋር ደጅ ስትጫወት ቆይታ መጣችና በጆሯችን ሹክ አለችን። «ትላንት እነርሱ ያፈጠሩት በቆሎና በውኃ ነው። የገብሱ ዱቄት ያቺው ብቻ ነበረች፤ ለዛሬ ተብላ የተቀመጠች» አለች።

ውድ አንባብያን፣ ያን ጊዜ የተሰማንን ኀፍረት ለመግለጽ ቃል ያጥረናል። ከመድረሳ ጀምሮ ስንማረው፣ ከዚያም ለተማሪ ስንነግረው የኖርነው የአንሷሩ ሰውና የባለቤቱ ታሪክ ትዝ አለን። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) እንግዳ ተቀብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱ፤ ቤት ውስጥ ከልጆቻቸው ራት በቀር ምንም አልነበረም። ልጆቹን አስተኙ፤ መብራቱን ለማስተካከል መስለው አጠፉት፤ በጨለማ የሚበሉ መስለው እንግዳው እስኪጠግብ አብረውት ተቀመጡ። ራሳቸው እየተቸገሩ ሌላውን የሚያስቀድሙ ሰዎች በቁርኣን በሱረቱል ሐሽር የተመሰገኑት በዚህ ሳቢያ እንደሆነ በሐዲስ ተዘግቧል። ታሪኩን ስንናገር ሁልጊዜ ራሳችንን በአስተናጋጁ ቦታ እናስቀምጥ ነበር። ያን ዕለት ግን እኛ በጨለማው ውስጥ የጠገበው እንግዳ ነበርን። ያውም እኛ ዘንድ መብራቱ አልጠፋም፤ ያላየነው ስላላየን ነው።

የሰውን ክብር ሳይነኩ መመለስ

መጀመሪያ የመጣልን ሐሳብ ገንዘብ መስጠት ነበር። አቦይ እጃችን ኪሳችን ሲገባ ገና አይተው ፊታቸውን አዞሩ። «ነጃሺ ዘንድ መጥታችሁ እኛን ባለ ሆቴል ታደርጉናላችሁ?» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቅሬታ ግን ነበረበት። ደግነትን በዋጋ ስንመትረው ደጉን ሰው እንደምናሳንሰው ያን ጊዜ ገባን።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለግን። ሁለቱም ባለቤቶች ዝናቡ እስኪያባራ አንድ ሌሊት እንድንጨምር ለመኑን፤ እኛም እንግድነታችንን ትተን ወደ ሥራው ገባን። የቤታችን እመቤት ከአደይ ጋር ውኃ ቀዳች፤ ግቢውን ጠረገች፤ እህል ለቀመች። ወንዱ የልጅ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ክፍሉ ግን ገና አራተኛ ነው። በኮሮናና በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በቆዩባቸው ዓመታት ብዙ የትግራይ ልጆች እንዲህ ከዕድሜያቸው ወደ ኋላ ቀርተዋል። ደብተሩን አስወጣነውና ሙሉውን ከሰዓት ክፍልፋይ ስናስተምረው ዋልን። በበለሱ እየቆረስን ግማሽና ሩብ አሳየነው። ገንዘባችንን ያልተቀበሉት አቦይ ይህን ተቀበሉን። ከጎናችን ተቀምጠው ልጁ በትክክል በመለሰ ቁጥር «ማሻአላህ» ይሉ ነበር።

መቐለ ከተመለስን በኋላ በመንገዱ በሚመላለስ ሾፌር እጅ አንድ ጆንያ የገብስ ዱቄት ላክን፤ «ለልጆቹ ነው» ብለን። በሳምንቱ ጆንያው ተመለሰ፤ ባዶውን ግን አልነበረም። በለስ ሞልተውበታል።

ከ10 ዓመት በላይ የተቀመጡት እንግዶች

ወደ ነጃሺ የሚሄድ ሰው ስለ እንግድነት ማሰቡ ተገቢ ነው፤ የቦታው ታሪክ ራሱ የእንግዳ ታሪክ ነውና። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ615 በቁረይሾች ግፍ የተማረሩ ጥቂት ሙስሊሞች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምክር ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ መጡ። ከእነርሱም መካከል ዑስማን ኢብኑ ዐፋንና ባለቤቱ የነቢዩ ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ.) ነበሩ። በኋላ በጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) የሚመሩ ከሰማንያ በላይ ወንዶች ከሴቶችና ከልጆች ጋር ተከተሉ። ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው ሰዎቻቸውን ልከው «አሳልፈህ ስጠን» ሲሉ ንጉሡ የሁለቱንም ወገን ቃል ሰማ፤ ስጦታውን መለሰ፤ እንግዶቹን ግን አልሰጠም።

ይህን ክፍል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በአገራችንም እንኮራበታለን። ብዙ ጊዜ የማናነሳው እንግዶቹ በቆይታቸው እንዴት እንደኖሩ ነው። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት በንጉሡ ላይ ባላጋራ በተነሣበት ጊዜ ሙስሊሞቹ ከዚያ በፊት ያላወቁት ጭንቀት ገባቸው። ለአስተናጋጃቸው ድል ዱዓ አደረጉ። ከመካከላቸው ወጣት የነበረው ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) አየር በተሞላ አቁማዳ ወንዝ ዋኝቶ ተሻግሮ የጦርነቱን ውጤት አይቶ የምሥራች ይዞ ተመለሰ። ይህ የባይተዋር ጠባይ አይደለም። የቤቱ ሐዘን ሐዘኑ፣ የቤቱ ደስታ ደስታው የሆነ ሰው ጠባይ ነው።

አስተናጋጁም በበኩሉ እንደ ቤተሰብ ሆነላቸው። ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ.) በሰው አገር ያለ ባል በቀሩ ጊዜ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር የተደረገውን ኒካሕ ያስፈጸመውና 400 ዲናር መህር የከፈለው ነጃሺ ነው። የጃዕፈር ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ልጃቸውን ዐብደላህን የወለዱት እዚሁ ሐበሻ ነው። የመጨረሻዎቹ እንግዶች በ628 በሁለት መርከቦች ተሳፍረው ሲሄዱ ከ10 ዓመት በላይ ተቀምጠው ነበር። ንጉሡ በሞቱ ጊዜም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ሆነው ሰላተል ጋኢብ ሰግደውላቸዋል።

በሐዲስ የእንግድነት ወግ ሦስት ቀን መሆኑን፣ ከዚያ ያለፈው ሶደቃ መሆኑን፣ እንግዳውም አስተናጋጁን እስኪያስቸግር መቀመጥ እንደማይፈቀድለት ተምረናል። ታዲያ ችግር ያሰደደውና ከሦስት ቀን በላይ መቀመጥ ግድ የሆነበት ሰው ምን ያድርግ? የሐበሻው ሂጅራ መልሱን ያሳየናል። እንዲህ ያለው እንግዳ የቤቱን ሸክም አብሮ ይሸከማል።

ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ

በሰው ቤት ማደርን ሥርዓት አበጅተውለት መተዳደሪያ ያደረጉ ሙስሊም ወንድሞችም አሉን። በማሌዢያ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በፓሃንግና በትሬንጋኑ ግዛቶች፣ ካምፑንግ የሚባሉ የማላይ መንደሮች በባሕሩ ዳር ተደርድረዋል። ነባር ቤቶቻቸው በእንጨት ምሰሶ ላይ ከመሬት ከፍ ብለው የተሠሩ ናቸው። ወደ ቤት የሚገባ ሰው ጫማውን ደረጃው ሥር ያወልቃል፤ ይህ ለእኛም አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በቼራቲንግ መንደር ማክ ሎንግ ተህ የተባሉ እናት ለመንገደኞች ቤታቸውን ከፍተው ማደሪያ ከቁርስና ከራት ጋር መስጠት ጀመሩ። በ1995 ደግሞ መንግሥት ይህን ዓይነቱን መስተንግዶ በሥርዓት አቋቁሞ ለመንደር ቤተሰቦች ሥልጠናና ምዝገባ አደረገ።

የእኛን ትኩረት የሳበው ገቢው አይደለም፤ አጠራሩ ነው። እንግዳውን የሚቀበለው ቤተሰብ እንደ ማደጎ ቤተሰብ ይቆጠራል፤ እንግዳውም ለጊዜው እንደ ልጅ። ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ገበታ በእጁ ይበላል፤ ወጥ ቤት ይገባል፤ ዓሣና ዱቄት ተለውሶ የሚሠራውን የአገሩን ምግብ አብሮ ያድቦለብላል፤ በሐላል ቤት ውስጥ እንዳለ አውቆ አለባበሱንና አመጋገቡን ያስተካክላል። ከኅዳር ጀምሮ በሚነፍሰው ብርቱ ነፋስና ዝናብ የተነሣ ባሕሩ ሲናወጥ ጀልባዎች ከዳር ይታሰራሉ። ያን ጊዜ እንግዳው የቤተሰቡ ዓሣ አጥማጅ ለምን ቤት እንደዋለ ይረዳል። ክፍያ ያለበት መስተንግዶ እንኳ እንግዳውን ልጅ ካደረገው፣ ለአላህ ተብሎ የሚደረገው ምን ያህል ሊያደርገው ይገባ ነበር!

በዓይናለም ቤታችን

አሁን ወደ ሁለቱ ዓመታት እንመለስ። ነገሩ ከነጃሺ ጉዟችን ይቀድማል፤ ትርጉሙ የገባን ግን በኋላ ነው።

በየካቲት 2013 ዓ.ም. ከምዕራብ ትግራይ የተፈናቀለች እናት ከሦስት ልጆቿ ጋር ደጃችን ደረሰች። ያኔ የመቐለ ትምህርት ቤቶች በተፈናቃይ ተሞልተው ነበር፤ እጅግ ብዙው ሰው ደግሞ በየቤቱ ተጠግቶ ነበር። እንግዶቻችን ክርስቲያኖች ናቸው። «ለጥቂት ቀን ነው» አልን፤ እነርሱም እንደዚያው አሉ። ጥቂቱ ቀን ወር፣ ወሩም ዓመት ሆነ።

ከ2013 ዓ.ም. ክረምት በኋላ ደመወዝ ቆመ፤ ባንክ ተዘጋ፤ መብራትም ጠፋ። ዓይናለም መቐለ ለብዙ ዓመታት የመጠጥ ውኃዋን ካገኘችባቸው ዋና የከርሰ ምድር ጉድጓዶች መገኛ ነች። ጉድጓዱን አጠገባችን ይዘን ጀሪካን ተሸክመን ውኃ ፍለጋ የምንሄድበት ቀን መጣ። ስምንት ሰው የሚያድርበት ሁለት ክፍል ቤት፣ አንዲት ምጣድ፣ የሚያንስ ዱቄት። አንድ ማታ ልጆቹ ተኝተዋል ብለን በመካከላችን «እስከ መቼ ነው?» ተባባልን። ግድግዳው ስስ ነበር። እንግዳችን እንደሰማች በማግስቱ ከዓይኗ አወቅን።

ዕቃዋን ትሰበስባለች ብለን ጠበቅን። አልሰበሰበችም፤ የምትሄድበትም አልነበራትም። በሳምንቱ የእርዳታ ስንዴ ደረሳት። ጆንያውን ተሸክማ መጣችና ልጆቿ ጥግ አላኖረችውም። የእኛን ዕቃ ከፍታ ገለበጠችበት፤ ከእኛው ጥቂት እህል ጋር ተቀላቀለ። «መምህር፣ ከአሁን በኋላ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም» አለች። ሌላ ምንም አልተናገረችም።

ከዚያ ቀን በኋላ ለወራት እኛ ያንን ስንዴ በላን። ማን ማንን እንዳስተናገደ እስከ ዛሬ መናገር አንችልም። በ2014 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በተገናኙ ጊዜ ሥጋ የሚያስበላ ልዩነት እንኳ አልነበረንም፤ ሁላችንም ሽሮ ነበርን። ለሱሑር ቀድማ ተነሥታ እሳት የምታነድልን እርሷ ነበረች። እኛም ለእርሷ በጾሟ ሰዓት ልጆቿን ጠብቀንላታል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የሰላሙ ስምምነት በፕሪቶሪያ ተፈርሞ፣ ደመወዝም ከተመለሰ በኋላ በሰፈራችን አንዲት ክፍል ተከራየች። ይህን እስከምንጽፍ ድረስ ወደ ቀዬዋ አልተመለሰችም። ልጆቻችን ግን ከትምህርት ቤት ሲወጡ እስከ ዛሬ የሚሮጡት መጀመሪያ ወደ እርሷ ቤት ነው።

ነጋሽ ላይ ሁለት ሌሊት በእንግድነት ስናድር ያላወቅነውን፣ ይህች ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ ታውቀው ነበር። እኛ ጥሕሎው እንዲጨመርልን ጠየቅን፤ እርሷ ያላትን ጨመረች።

ምን እንያዝ?

ልጆቻችን በየዘመዱ ቤት ክረምት ይከርማሉ፤ ወጣቶቻችን ለዩኒቨርሲቲም ሆነ ለሥራ በማያውቁት ከተማ በሰው ቤት ይጠጋሉ። ስለዚህ በየቤታችን ብንነጋገርባቸው ይበጃሉ የምንላቸውን ጥቂት ነጥቦች እናስታውስ።

አንደኛ፣ ስንገባ ፈቃድ እንጠይቅ፤ ሰላምታ እናቅርብ፤ ዓይናችንን ከሰው ገመና እንጠብቅ። ይሁን እንጂ ዓይን መስበር ማለት የቤቱን ችግር አለማየት አይደለም። ገበታው ላይ ማን እንደሌለ እንይ። ሕፃናቱ በልተው እንደሆነ እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ለእንግዶቻቸው ጥጃውን ሲያዘጋጁ ሳያሳውቁ ቀስ ብለው እንደወጡ በቁርኣን ተነግሯል። ጥሩ አስተናጋጅ ድካሙን ይሸሽጋል። ስለዚህ እንግዳው የተሸሸገውን ድካም ገምቶ ይብላ እንጂ የቀረበለትን ሁሉ ትርፍ ነው ብሎ አይውሰድ።

ሦስተኛ፣ ውለታ በገንዘብ ብቻ አይመለስም። የቀዳነው ውኃ፣ ያስጠናነው ልጅ፣ የጠየቅነው ሕመምተኛ ውለታ መመለሻ ነው። ገንዘብ ያለው ሰውም ቢሆን ክብር በሚጠብቅ መንገድ ይላክ።

አራተኛ፣ መቆየት ግድ ካልሆነ በሦስት ቀን እንሰናበት። መቆየት ግድ ከሆነ ግን ከእንግዳ መቀመጫ ተነሥተን ወደ ቤተሰቡ ሥራ እንግባ።

አምስተኛ፣ አስተናጋጆች የሆንን ደግሞ አንደበታችንን እንጠብቅ። ግድግዳ ሁሉ ስስ ነው።

የአቦይ ቤት ልጅ በዚህ ዓመት አምስተኛ ክፍልን ማለፉን በዚያው ሾፌር በኩል ሰማን። ከዜናው ጋር ጆንያው እንደገና መጣ። እኛም ባዶውን እንደማንመልሰው አላህ ያውቃል።

አላህ (ሱ.ወ.) ለተቀበሉን ሁሉ በረካውን ያብዛላቸው፤ የተፈናቀሉትን በሰላም ወደ ቀዬአቸው ይመልስ፤ እኛንም እንግዳ ስንሆን ዓይን፣ አስተናጋጅ ስንሆን ልብ ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።